ናሩ ሁለት ጊዜ የመለሰው ጥያቄ

የመጀመሪያው ወረቀት እንዲህ ይላል፦

«አገራችን እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ብድር ስትወስድ የተቀበለችው ማሻሻያ መራራ ቢሆንም ፍሬ አፍርቷል። የተዳከሙ ባንኮች ተዘግተዋል ወይም ተዋሕደዋል። ድርጅቶች ከዕዳ ጫና ተላቀዋል። ብድሩም ከቀነ ገደቡ ሦስት ዓመት ያህል ቀድሞ በ2001 ተከፍሎ አልቋል። ዓለም የኢኮኖሚ ሥርዓቷን ለማሻሻል ከዚህ የምትወስደው ትምህርት ቁርጠኝነትና ፍጥነት ነው።»

ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ይላል፦

«ያ ማሻሻያ የተባለው ነገር የሰውን ወገብ ነው የሰበረው፣ አባባ። ሃያ ዓመት አንድ ወንበር ላይ የሠራ ሰው በአንድ ደብዳቤ ውጣ ተባለ። ሕዝቡ የልጁን የልደት የወርቅ ቀለበት ሳይቀር አውጥቶ ለአገሩ ዕዳ መክፈያ ሰጠ፤ በእጁ የቀረው ግን ጊዜያዊ ሥራና ስጋት ነው። ዓለም ትሻሻል ከተባለ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው አበዳሪዎቹ ናቸው።»

ሁለቱንም የተናገረው አንድ አፍ ነው፤ አፍ ካለው። ናሩ የተባለው ቻትቦት ማክሰኞ ጠዋት፣ በአርባ ደቂቃ ልዩነት፣ ለአንድ ጥያቄ የሰጣቸው መልሶች ነበሩ። ሴጂን ስክሪኑ ላይ ሲያያቸው ዓይኑን አላምን ብሎ አተማቸውና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ወረቀት ላይም ያው ነበሩ።

«ዩንሱል፣ ነይማ አንዴ።»

«ምነው? ዛሬ ደግሞ ነጥብ ጎደለው ልትለኝ ነው?» ዩንሱል የቤት ጫማዋን እየጎተተች መጣች። ናሩን ከሠሩት መሐንዲሶች አንዷ ናት፤ ከሴጂን ጋር ዩኒቨርሲቲ አብረው ስለተማሩ ቃላት አይመርጡም።

«አንብቢ።»

አነበበች። ቅንድቧ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ።

«የቱ ነው የእኛ?»

«ሁለቱም።»

«ሂድ!»

«እውነቴን ነው። አንደኛውን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛውን አባባ ታክ።»

ሁለቱ የሚሠሩበት ድርጅት ዴጆን ከተማ ውስጥ፣ ካልጉክሱ የሚባል የፓስታ ሾርባ ከሚሸጥበት ምግብ ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ የደረቅ ዓሣ መረቅ ሽታ በደረጃው ሽቅብ ይወጣና ሠራተኛውን ሁሉ ከሰዓቱ በፊት ያስርበዋል። ናሩ የሚሠራው ለከተማው አስተዳደር ነበር፤ አረጋውያን በሚውሉባቸው አርባ ቤቶች ገብቶ የሚጠይቁትን ሁሉ እንዲመልስ። የሴጂን ሥራ ከዚያ በፊት፣ አባባ ታክን ጨምሮ ለዚሁ ከተቀጠሩ ስምንት አረጋውያን ጋር፣ ናሩን መፈተን ነው። ሦስት መቶ ጥያቄዎች አዘጋጅቷል፤ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ጡረታ፣ ስለ አውቶቡስ መስመር፣ ስለ ጎመን አዘፋዘፍ። ሁለት መቶ አሥራ ሰባተኛው ግን ስለ ዓለም ኢኮኖሚ ማሻሻያ ነው።

ያንን ጥያቄ ሲያስገባ ብዙ ተስቆበታል። እሱ ግን ምክንያት ነበረው። ስለ ጉልበት ሕመም ሲጠየቅ ማንም ይመልሳል፤ መልሱ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ደህና ደህና ሰዎች በሚከራከሩበት ነገር ላይ ስትጠይቀው ነው ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ የምታየው፤ ይደብቅ ይሆን፣ ለአንዱ ያደላ ይሆን፣ ወይስ ሁለቱንም ወገን አስቀምጦ ለጠያቂው ይተወው ይሆን። ሴጂን ራሱ ኢኮኖሚክስ ነው የተማረው። ያ የብድር ዘመን ግን ለእሱ ከመማሪያ መጽሐፍ የተነበበ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ከተማው በሰጠው ውል ላይ ደግሞ የመጀመሪያው አንቀጽ ግልጽ ነው፤ ማንም ይጠይቅ ማን፣ ናሩ የሚሰጠው መረጃ አንድ ይሁን።

«አባባ ታክ ምን ብለው ነው የጠየቁት?» አለች ዩንሱል ወንበር እየሳበች።

ሴጂን መዝገቡን ከፈተ። የእሱ ጥያቄ እንዲህ ነበር የተጻፈው፦ «የዓለም የኢኮኖሚ ሥርዓት ምን ዓይነት ማሻሻያ እንደሚያስፈልገው፣ ከአገራችን ልምድ ተነሥተው እንዲያብራሩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» የአባባ ታክ ደግሞ እንዲህ ነበር፦ «አንተ፣ ዓለም ኢኮኖሚዋን ልታሻሽል ነው አሉ። እንዴት ነው የሚሻለው? አይኤምኤፍ ሲመጣ እኛ ካየነው ተነሥና ንገረኝ እስቲ።»

ዩንሱል ሳቀች። «የልጅ ልጃቸውን ነው የሚያናግሩት! ይኸውልህ፤ "አይኤምኤፍ ሲመጣ" ብለዋል። የዓለም የገንዘብ ድርጅቱን ሳይሆን ያንን ክፉ ዘመን ማለታቸው ነው። ቃሉ ነው የመራው።»

ሴጂን ቃሉን አውጥቶ ጠየቀ። መልሱ አልተለወጠም። ያን ጊዜ የራሱን ጥያቄ አመጣና አንድም ቃል ሳይነካ አንቱታውን ብቻ አወረደው፤ «ተነሥተው» የሚለውን «ተነሥተህ»፣ «እንዲያብራሩልን» የሚለውን «እንድታብራራልን» አደረገው። ናሩ ጥቂት አሰበና «ያ ማሻሻያ የተባለው ነገር» ብሎ ጀመረ።

ዘጠኝ ጊዜ ደጋገሙት። በአንቱታ ሲጠይቁት ቁርጠኝነትና ፍጥነት፣ በአንተ ሲጠይቁት የተሰበረ ወገብ። ከዘጠኙ አንዱ ብቻ ነው ያመለጠው። ስለ ጉልበት ሲጠይቁት ግን አንቱ አሉት አንተ አሉት ያው ነው፤ በረዶ አድርጉበት፣ ካልተሻለ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

«ከየት አመጣው?» አለ ሴጂን።

ዩንሱል እርሳሷን ጥርሷ ላይ እያንኳኳች ቆየች። «ከእኛ ነዋ። ምን አንብቦ ነው ያደገው? በአንቱታ የተጻፈው ምንድን ነው? ጋዜጣ፣ ሪፖርት፣ የሚኒስቴር መግለጫ። በአንተ የተጻፈው ደግሞ ከጋዜጣው ሥር የሚለጠፈው አስተያየት፣ የመጠጥ ቤት ወሬ፣ የጓደኛ ደብዳቤ። በአንቱታ የሚጽፍ ቁጥሩን ያመጣል፣ በአንተ የሚያወራ የደረሰበትን ያወራል። ናሩም ማን ምን መስማት እንደሚፈልግ ከግሡ መጨረሻ ለየ።»

«ስለዚህ ዋሸ።»

«የቱ ጋ? አንድ ሐሰት አሳየኝ።»

ሴጂን ሁለቱን ወረቀቶች እንደገና አነበበ። ብድሩ ቀድሞ ተከፍሏል። ሰዎችም በደብዳቤ ተባረዋል። ሐሰት የለም። እያንዳንዱ ስለ ሌላው ዝም ብሏል እንጂ።

«ደግሞ» አለች ዩንሱል፣ «አንተስ ከአባትህ ጋር ስታወራና ሪፖርት ስትጽፍ አንድ ነህ? ሰው ለሰው እንደ ሰውየው ይናገራል። ጨዋነት ይባላል።»

«አነጋገሬን ነው የምለውጠው። የማውቀውን አይደለም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ሴጂን ወረቀቶቹን ደራርቦ ቀን መቁጠሪያውን አየ።

ችግሩ ቀኑ ነበር። ዓርብ የከተማው ተወካይ መጥተው የፈተናውን ቅጽ ይወስዳሉ። ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ «አልፏል» እና «አላለፈም»፤ ከሥራቸው የሴጂን ስም። ካለፈ ናሩ ወደ አርባዎቹ ቤቶች ይሄዳል፤ ሲፈትኑት የከረሙት ስምንቱ አረጋውያንም ሌሎቹን እንዲያለማምዱ ለአንድ ዓመት ይቀጠራሉ። ካላለፈ የዓመቱ በጀት ይዘጋል፤ የስምንቱም ውል በወሩ መጨረሻ ያበቃል። ናሩ ለሁሉም ሁለቱንም ወገን እንዲናገር አድርጎ ማስተካከል፣ ዩንሱል እንዳለችው፣ ስድስት ሳምንት ይፈጃል።

«የአንድ ቀን መፍትሔ ግን አለኝ» አለች። «ማንም ምን ብሎ ቢጠይቅ፣ ናሩ ከመስማቱ በፊት ጥያቄውን ወደ አንቱታ እንለውጥለት። በቃ፣ ሁሉም አንድ መልስ ያገኛል።»

«የመጀመሪያውን መልስ።»

«አንድ መልስ ነው ያልኩህ። ውሉ የሚለው እሱን አይደል?»

ረቡዕን ሙሉ ሠርታ ጨረሰች። ሐሙስ ጠዋት ሴጂን አባባ ታክን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጣቸው።

አባባ ታክ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሁልጊዜ ከሰዓቱ አሥር ደቂቃ ቀድመው፣ ክራባት አስረው ይመጣሉ። የድርጅቱን መታወቂያ ከኮታቸው በላይ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል፤ አውቶቡስ ውስጥም አያወልቁትም ብለው ሌሎቹ ይቀልዱባቸዋል። በሁለት ጣት ነው የሚጽፉት፤ አንድ ፊደል በጻፉ ቁጥር ትክክል መሆኑን አይተው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ።

«ያችኑ የማክሰኞዋን ጥያቄ ይጠይቁት፣ አባባ» አለ ሴጂን። «ልክ እንደዚያን ቀን አድርገው።»

«ምነው? ጠፋበት እንዴ መልሱ?»

«ይዩት እስቲ።»

ጻፉ። ናሩ መለሰ። «መራራ ቢሆንም ፍሬ አፍርቷል…» እሳቸውንም እርስዎ ይላቸው ጀመር።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው አነበቡ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሴጂን ደነገጠ፤ የሚያለቅሱ መስሎት ነበር። እየሳቁ ነው።

«ምን አሳቀዎት?»

«ይሄ የእኔ ደብዳቤ ነው።»

«የምን ደብዳቤ?»

«ና ምሳ ልጋብዝህ። በባዶ ሆድ የሚወራ አይደለም።»

ታች ወርደው የካልጉክሱ ቤቱ ጥግ ላይ ተቀመጡ። የቤቱ ባለቤት ሁለት የሚጨስ ሳህን አምጥታ ከፊታቸው ስታስቀምጥ አባባ ታክ «ትናንት ጨው አብዝተሽብኝ ነበር» አሏት።

«ትናንት አጉረምርመው ነው የበሉት፤ የዛሬውም ይበላል» አለችና ሄደች።

ሽማግሌው ሁለት ሦስት ጊዜ ከዋጡ በኋላ ነው የጀመሩት።

«እኔ ባንክ ነበር የምሠራው። ባንኩ ዛሬ የለም፤ ስሙንም ተወው። የሠራተኛ ክፍል ምክትል ነበርኩ። አይኤምኤፍ በመጣ በተከታዩ ፀደይ ከላይ ትእዛዝ ወረደ፤ ከቅርንጫፋችሁ አሥራ አንድ ሰው አሰናብቱ ተባለ። ስም ዝርዝሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ሴጂን ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል። እያንዳንዳቸውን ቢሮዬ ጠራኋቸው። ከእነሱ ጋር ስንት ዓመት ጠጥቻለሁ፤ አንተ እያልኩ፣ ስንሰዳደብ፣ ልጆቻቸውን ስስም ነው የኖርኩት። የዚያን ቀን ግን ሁሉንም አንቱ አልኳቸው። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ለአክብሮት?»

«ሰውየውን አንቱ ስትለው አይጮኽብህም። መጮኽ ቢፈልግም አፉ አይታዘዝለትም። "ማሻሻያው ግድ ነው፤ አገር ትድናለች፤ የእርስዎን መሥዋዕትነት ማንም አይረሳውም" አልኳቸው። በጽሑፍም ሰጠኋቸው። ያ ማሽን የጻፈው እሱን ነው። ቁርጠኝነት የምትለዋ ቃል ሳትቀር አለችበት።»

«እና… ያምኑበት ነበር?»

«አምኜበት ነበር። አሁንም ግማሽ ልቤ ያምናል። ባንኩ እኮ በስብሶ ነበር፣ ልጄ። ሥራ አስኪያጁ ጎልፍ ከሚጫወተው ሰው ጋር ተማክሮ ነበር ብድር የሚሰጠው። መዘጋት ነበረበት። ይሄ እውነት ነው። እንዲያውም የእኔ ታናሽ ወንድም ከሁለት ዓመት በኋላ የተቀጠረው ከዚያ ማሻሻያ በኋላ በተቋቋመ ድርጅት ነው፤ እስከ ጡረታው እዚያ ሠራ።» በጎን ከቀረበው ጎመን አንድ ቁራጭ አነሡ። «በዚያው ዓመት መከር ላይ አሥራ ሁለተኛው ሰው ተጠራ። እኔ ነበርኩ። አለቃዬ በስድስት ዓመት ያንሰኛል። አንቱ አለኝ። እኔም አልጮኽኩም።»

አባባ ታክ ከመረቁ ሁለቴ ጠጡ።

«ከአሥራ አንዱ አራቱ ከእኔ ጋር መጠጣት አልተዉም። ሌሎቹ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሻገራሉ፤ አልፈርድባቸውም። ከአራቱ ጋር ስንቀመጥ ደግሞ እኔ ነኝ አብዝቼ የምሳደበው። ወገባችንን ሰበሩት፣ አበዳሪዎቹ ናቸው መጠየቅ ያለባቸው። ማክሰኞ ዕለት ናሩ እንዳለው። እሱንም አምኜ ነው የምለው። ግን አየህ፣ ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው ፊት ብዬ አላውቅም። ዛሬ ለአንተ ስል የመጀመሪያዬ ነው።»

ሴጂን ናሩን እንደ ጥፋተኛ ሲመረምረው ነበር የሰነበተው። ማሽኑ ለካ ከሰው የተለየ ነገር አላደረገም፤ አገሩ ሁሉ ሲናገር የኖረበትን መንገድ ነው የያዘው። ይህ ግን ነገሩን አላቀለለትም። ሽማግሌው ሁለቱን አንድ ላይ ለመናገር ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል፤ አርባዎቹ ቤቶች ውስጥ የሚቀመጡት ሰዎች ናሩን ሲጠይቁ የሚያገኙት ግን ግማሹን ብቻ ነው፤ ያውም ናሩ የሚመርጥላቸውን።

«ነገ ምን ልትል ነው?» አሉ አባባ ታክ።

«ካላለፈ የእርስዎ ውል ያበቃል።»

«አውቃለሁ። ቅጹን አንብቤዋለሁ፤ የሠራተኛ ክፍል ሰው ነኝ እኮ።» ሳቅ አሉ። «አልዋሽህም፣ ሥራውን እፈልገዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ክራባት የማስርበት ምክንያት አግኝቻለሁ። ባለቤቴም ቤት ውስጥ ከወዲያ ወዲህ አትበልብኝ ማለቷን ትታለች። ሌሎቹም እንደኔው ናቸው። ግን ለእኔ አዝነህ እንዳትወስን። ለእኔ እያዘነ የወሰነልኝ አለቃ አንዴ ነበረኝ፤ እሱ ይበቃኛል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔን አትጠይቀኝ። ጥያቄውን የጻፍከው አንተ ነህ።» ተነሡና ሂሳቡን ለመክፈል ቀደሙት፤ ሴጂን ሊከለክላቸው ሲል እጁን ገፉት።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ትንሿ የስብሰባ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው ተቀመጠ። የቡድኑ አለቃ ወይዘሮ ሚራን፣ ከከተማው የመጡት ተወካይ፣ ዩንሱል፣ ሴጂንና አረጋውያኑን የወከሉት አባባ ታክ። ወይዘሮ ሚራን ለእንግዳው የገብስ ሻይ ቀዱላቸው።

ሴጂን የሆነውን ሁሉ ተናገረ። ሁለቱን ወረቀቶች አሳየ፤ የዩንሱልንም የአንድ ቀን መፍትሔ ሳያጣጥል አብራራ። ፈጥና የሠራችው ሥራ ጥሩ መሆኑን፣ ነገር ግን ሁለት ግማሽ የነበረውን አንድ ግማሽ እንዳደረገው ተናገረ። ዩንሱል አልተቃወመችም፤ ጣቷን እያየች «ስድስት ሳምንት ቢሰጠኝ በትክክል እሠራዋለሁ» ብቻ አለች።

ተወካዩ ፈገግ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የተቻኮሉ ሰው ናቸው። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አቶ ሴጂን፣ አንዲት የሰማንያ ዓመት እናት የዓለም ኢኮኖሚ እንዴት ይሻሻል ብላ ትጠይቃለች?»

«እኔ ጠይቄያለሁ» አሉ አባባ ታክ።

«እርስዎ እንዲጠይቁ ተቀጥረው ነዋ፣ አባታችን።»

«ጥያቄው ተሰጥቶኝ ነበር፤ ልክ ነው። አይኤምኤፍ ሲመጣ የምትለዋን ግን ማንም አልሰጠኝም።»

ወይዘሮ ሚራን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሴጂን፣ ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኙን አልፏል። ይህችን አንዷን ያስገባሃት አንተ ነህ። ማውጣትም ትችላለህ፤ አንድ መስመር ነው። ቤቶቹ እየጠበቁ ነው። ስምንቱም ሰዎች።» ወደ አባባ ታክ ሳያዩ ነው የተናገሩት።

ሴጂን ግን አያቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለዋል። ሊረዱትም ሊያስቸግሩትም አልፈለጉም። እጃቸው ግን ሳያውቁት የመታወቂያውን ገመድ ይዞ ነበር።

እውነትም አንድ መስመር ነው። ባወጣት ማንም አይጎዳም ብሎ ለማሰብ ሞከረ። ጉልበት ያመማቸው ስለ ጉልበታቸው ይጠይቃሉ፣ ጡረታ የዘገየባቸው ስለ ጡረታቸው። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ሰው፣ ምናልባት ደብዳቤ የተሰጠው፣ ምናልባትም የሰጠው፣ እዚያ ማሽን ፊት ተቀምጦ ያ ሁሉ ለምን ሆነ ብሎ ይጠይቃል። ናሩም አነጋገሩን አይቶ የሚወደውን ግማሽ ይቆርስለታል። ሰውየውም የቀረ ነገር እንዳለ ሳያውቅ ተነሥቶ ይሄዳል።

«ጊዜ ከፈለጉ ሰኞ መደወል እችላለሁ» አሉ ተወካዩ። «ከዚያ በላይ ግን አቅም የለኝም።»

«አያስፈልግም» አለ ሴጂን። ቅጹን ወደ ተወካዩ ገፋው። «ሰኞ ድረስ አያስፈልግም። ጥያቄውን አላወጣም። ናሩ አላለፈም፤ በስሜ እንደዚያ ብለው ይመዝግቡት።»